የስፌት ክፍሉ አሰልጣኝ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ «አሰልጣኝ» እያለ ነው የሚጠራው። ሥራው የተበላሸ የስፌት መኪና መጠገን ነው፤ በዕድሜው አንድም ቡድን አሰልጥኖ አያውቅም። ስሙን ያወጣለት አፉ ነው። የአንዷ መኪና ክር እየበጠሰ ሲያስቸግራት ትጠራዋለች፣ መፍቻውን ይዞ ከች ይላል፣ ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሆድ ይከፍትና ስለ ትናንቱ ጨዋታ ይጀምራል።

«እኔ ብሆን ያንን አጥቂ ገና በእረፍት ሰዓት ነበር የማስወጣው። ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ ምን ያደርጋል? ሌላው ለፍቶ እንዲያመጣለት ነው የሚፈልገው!»

ኳስ የማይገባበት ነገር አልነበረም። ሰርቪስ ላይ ሰልፍ ጥሶ የሚገባ ሰው፣ ለእሱ ኦፍሳይድ ነው። ስብሰባ ላይ ንግግር የሚያንዛዛ ኃላፊ ሰዓት እየገደለ ነው። ሙዚቃ የሚያስጮህ ጎረቤት ቢጫ ካርድ ይገባዋል፤ በሩን ሲያንኳኩበት የሚሳደብ ከሆነ ደግሞ ቀጥታ ቀይ። ሰፊዎቹ ይስቃሉ፣ ይወዱታልም። እጁ እንደ አፉ አያመልጥም፤ አንዴ የነካው መኪና ተመልሶ አያስቸግርም።

ሚስቱ እዚያው ስፌት ክፍል ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ወሬውን ስትሰማ ውላ ማታ እቤት ደግሞ ትሰማዋለች። ጨዋታ ያለ ቀን አሰልጣኝ ከሶፋው ንቅንቅ አይልም። ውኃ ይመጣለታል፣ እራት ይመጣለታል፤ ሚስቱ ሳህን ይዛ በፊቱ ስታልፍ እንኳ አንገቱን እንደ ሰጎን አስግጎ በትከሻዋ ላይ ያያል። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ደግሞ ኳስ የሚባል ነገር አይጥማቸውም።

«አሁን ይሄ የወደቀው ልጅ ሊሞት ነው ስንል ብድግ ብሎ ሮጠ» ይላሉ። «እናት የለውም የሚቆጣው?»

አንድ ሰኞ ፋብሪካው የክፍሎች ውድድር እንደሚያዘጋጅና ለመጀመሪያ ጊዜም ሴቶች እንደሚጫወቱ ተነገረ። በምሳ ሰዓት የስፌት ክፍል ሴቶች ግር ብለው ጥገና ክፍል ድረስ መጡ። ከፊት የቆመችው ቁልፍ ሰፊዋ ነበረች፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም።

«አሰልጣኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ብሆን፣ እኔ ብሆን ስትል ኖረሃል። ይኸው ሁን!»

አሰልጣኝ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። እሺታውን ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ግን ከኋላ የቆመች ሴት ላይ ዓይኑ ዐረፈ።

«አንቺም አለሽበት?»

«አለሁበት» አለች ሚስቱ።

«ታዲያ እራቱ...» ብሎ ጀመረና ሁሉም እንደሚያዩት ሲያውቅ ምራቁን ዋጠ። «እራቱ... ይደርሳል። ምን ችግር አለ!»

የጥገና ክፍል ባልደረባው ግን አላስቀመጠውም። «ሚስትህን ቁምጣ አልብሰህ ሜዳ ልታወጣት ነው? አታፍርም?» አለው።

«አንተ ቁምጣ ለብሰህ ስትሮጥ አይቻለሁ» አለው አሰልጣኝ። «ማፈሩን ያኔ ጨርሻለሁ።»

ልምምዱ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ተጀመረ። አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ካርቶን ላይ ክብና ቀስት ሥሎ አሰላለፍ አስረዳ። ስለ ጨዋታ ቁጥጥር ተናገረ፣ ስለ ክፍት ቦታ ተናገረ፣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች እሱ ይናገራል።

«አሰልጣኝ» አለች ሚስቱ፣ «ኳስ ነው ወይስ ስብሰባ?»

ኳሷ ስትለቀቅ ካርቶኑን ያስታወሰ አልነበረም። ሁሉም ጥሬ እንዳየ ጫጩት ኳሷ ላይ ተራወጠ፤ በረኛዋ ሳትቀር ጎሏን ጥላ መጣች። አሰልጣኝ ጭንቅላቱን ያዘ። በቴሌቪዥን ከላይ ሆኖ ሲያየው ቀላል የነበረው ነገር መሬት ላይ ሲወርድ እጅ እግር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ትቶ ለእያንዳንዷ አንድ ነገር ብቻ መንገር ጀመረ። ሚስቱን ግራ ተከላካይ አደረጋት፤ የነገራትም «ከመስመርሽ እንዳትወጪ» ብቻ ነበር።

ያን ምሽት ሚስቱ እቤት እንደገባች ሶፋው ላይ ተዘረጋች። የእሱ ቦታ ላይ። አማቱ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ አማቻቸውን ዐዩ። አሰልጣኝ ጥቂት ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ካየ በኋላ ወደ ኩሽና ገባ። ሽንኩርቱ አስለቀሰው፣ ድስቱ ሥር ያዘበት።

«እሳቱን ቀንሰው ልጄ» አሉ አማቱ ከሳሎን ሆነው፣ ሳቃቸውን እየታገሉ። «ገና በመጀመሪያው ደቂቃ እንዲህ ሮጠህ አትዘልቅም።»

በማግስቱ አዲስ አስተያየት ይዞ ፋብሪካ ገባ። «እራት የሚሠራ ሰው ማለት የተከላካይ አማካይ ነው» አለ መኪና እየፈታ። «ካልጎደለ ማንም አያየውም!» ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሚስቱ ኮሌታዋ ላይ አቀርቅራ ፈገግ አለች።

የጨዋታው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባላጋራዎቹ የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ናቸው፤ ካርቶን ተሸክመው የሚውሉ፣ ክንዳቸው የበረታ። አማቱም ጃንጥላ ይዘው መጡ። «ልጄ እንዳትሰበርብኝ ብዬ ነው እንጂ ለኳሱስ አይደለም» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ማሸጊያዎች ቀድመው አገቡ፤ ስፌቶች ያስገቧትን ጎል ግን ዳኛው ኦፍሳይድ ብለው ሻሯት። አሰልጣኝ በመስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጠ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። ከእረፍት በኋላ ሚስቱ በግራ በኩል ኳስ ነጠቀችና ወደፊት ገፋች።

«ተመለሺ!» አለ አሰልጣኝ። «መስመርሽን! ኧረ ተመለሺ!»

ሰምታዋለች፤ መላው ሜዳ ሰምቶታል። አልተመለሰችም። አንዷን አለፈች፣ ሁለተኛዋ ተንሸራታ ወደቀች፣ ከዚያ በጫማዋ ጫፍ ጠለዘቻት። ኳሷ በበረኛዋ እጅ ሥር ሾልካ ገባች።

አሰልጣኝ ነገር ዓለሙን ረሳ። ሜዳውን ሰንጥቆ ሮጠ፣ አንድ ጫማው መሐል ላይ ቀረ፣ ደርሶ ሚስቱን ከመሬት አነሳት። ዳኛው የፋብሪካው ጥበቃ ነበሩ፤ ፊሽካቸውን ነፍተው ቀይ ካርዱን ከኪሳቸው መዘዙ።

«አሰልጣኝ ሜዳ አይገባም። ውጣ!»

«ሚስቴ እኮ ናት ያገባችው!»

«አንተን ያገባች ቀን መጨፈር ነበረብህ፤ አሁን ውጣ!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አሰልጣኝ ጫማውን አንስቶ ሜዳውን ከከበበው ገመድ ውጭ አማቱ አጠገብ ሄዶ ቆመ። መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ወዲያው ግን የሆነ ሸክም ከትከሻው የወረደ መሰለው፤ ማንም ቃሉን እንደማይጠብቅ ሲያውቅ እንደ ልቡ መጮህ ጀመረ። አማቱ ግን ቀድመውታል።

«ዳኛ! ገፋቻት እኮ! ኧረ ዓይንህን ግለጥ!» ይላሉ ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ጎል አፍ ላይ ስትንገላታ ቁልፍ ሰፊዋ ከሰው እግር መሐል ብቅ ብላ በጉልበቷ አስገባቻት። አማትና አማች ተቃቅፈው ዘለሉ። ጃንጥላው የት እንደወደቀ ማንም አላየም።

ማታ ሦስቱም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። እራቱን የሠራው አሰልጣኝ ነው፤ ጨው በዝቶበታል፣ ግን ሁሉም በላ። አማቱ ያልገባቸው ነገር ነበር፦ የስፌት ክፍል ያገባችው አንዷ ጎል ለምን ተሻረች? አሰልጣኝ ደስ ብሎት ብርጭቆዎቹን ደርድሮ ኦፍሳይድን አስረዳ።

«እንግዲህ ልጅቷ ቀድማ በመገኘቷ ነው የተቀጣችው?» አሉ አማቱ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ዘግይታ የቀረችውን ተከላካይ ማን ቀጣት?»

አሰልጣኝ መልስ ሊሰጥ ብርጭቆ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሌላውን አነሳ። ሚስቱ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«እማማ» አለ በመጨረሻ፣ «ይቺን ነገ ፋብሪካ ሄጄ የራሴ አስመስዬ ነው የማወራት።»