የሸክላ ሠሪዋ ልጅና የሕንዱ ዘይት

ወረታ ጤና ጣቢያ ጆሮ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የነበሩት ጤና መኮንን ኦቶስኮፕ አስጨበጡኝ፤ ጆሮ ውስጥ የሚታይበት ባለ መብራት መሣሪያ ነው። መድኃኒቱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ማየት ልመጂ አሉኝ። በዚያ ቀን ካየኋቸው ጆሮዎች ገሚሱ ቅቤ፣ ገሚሱ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ነበረበት። ልጁ አልሰማ ያለው ወላጅ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ይህን ባውቅም መብራቱን አብርቼ ቅቤ ብቻ ሳይ እበሳጭ ነበር።

ስለናት የምትባለውን ልጅ ያመጣቻት እናቷ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር ሸክላ ሠሪ። ሸክላ ከእሳት ሲወጣ በጣት እየተንኳኳ ይፈተሻል፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሰነጠቀው የታፈነ። ስለናት ልዩነቱን አትሰማም። አንዴ የተሰነጠቀ እንስራ ሸጣ፣ ገዢዋ ቀሚሷ ውኃ በውኃ ሆኖ ተመልሳ መጥታለች።

«እኔ የሞትኩ እንደሆን በምን ትኖራለች?» አለችኝ እናቷ።

ከመቀነቷ ትንሽ ጠርሙስ ፈታች። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንዶች ባህላዊ ሕክምና ዘይት ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ወንድሟ ሰው ለምኖ ያስመጣላት። ሞቅ ተደርጎ ጆሮ ውስጥ ይንጠባጠባል ተብላለች። እኔ ዘንድ የመጣችው በደንብ እንዳንጠባጥብላት ብቻ ነበር።

የልጅቱን ጆሮ መግል ጠርጌ አየሁ። የሁለቱም ጆሮ ታምቡር ተበስቷል። ዘይት አይገባም አልኳት። ተቆጣች፤ እናንተ ከራሳችሁ ያልመጣውን ሁሉ ትንቃላችሁ አለችኝ። እኔም ትዕግሥቴ አልቆ ነበርና ክርክሩን ትቼ ኦቶስኮፑን ሰጠኋት፤ ራሷ ትይ።

ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«ተሸንቁሯል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «በዚህ ላይ ዘይት ባፈስ ወደ ውስጥ መዝለቁ ነው።»

ጠርሙሱን መልሳ ቋጠረችው። ወንድምሽ እንዳይቀየም በዘይቱ የልጅሽን ፀጉር ቀቢ፣ ጆሮዋ ውስጥ ግን ጠብታ እንዳይገባ አልኳት። ንጹሕ ጨርቅ አሹላ መግሉን ማድረቅ አስተማርኳት፤ ጤና መኮንኑ ያዘዙትን ጠብታ ከዚያ በኋላ ታደርጋለች። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሲወርዱም ልጅቱ ጭንቅላቷን እንዳትነክር ነገርኳት። መቼ ትድናለች ስትለኝ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኳት።

«እንቁላሉስ ይሂድ፤ እኔ ገበያ አለብኝ» አለች። ሳንወድ ሳቅን።

ክረምቱን በሙሉ በፎገራ ጭቃ እየተመላለሱ መጡ። ሩዙ ሲታጨድ የቀኝ ጆሮዋ ደርቆ ታምቡሩ ገጥሞ ነበር። ግራው አልገጠመም፤ ለእሱ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ላክናት።

ከመሄዳቸው በፊት እናቷ ሁለት ጀበና በገለባ ጠቅልላ መጣች። ልጅቱን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረቻትና አንዱን አንኳኳች፣ ቀጥላ ሌላውን። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነበሩ።

«ሁለተኛው ተሰንጥቋል እማዬ» አለች ስለናት።

ኦቶስኮፑን አብርቼ ሁለተኛውን ጀበና ዙሪያውን አየሁት፤ ስንጥቅ የሚባል አጣሁ። ውኃ ሞላሁበት። ጥቂት ቆይቶ ጠረጴዛዬ ራሰ። እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም አልቀረሁም።

ዘይቱ ክፉ ነው አልልም። ከየትም ይምጣ፣ ጠብታ ከመግባቱ በፊት ጆሮው ይታይ።