በማሽላው መሀል የሰማሁት ድምፄ

እንደ አህያ እያናፋሁ የዘፈንኩት ዘፈን አንድ ሰሞን ያልገባበት ሰርግ አልነበረም። አሁን የሚጠራኝ የለም። ባለፈው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብዬ በእግሬ ስሄድ፣ የቀትሩ ሙቀት እንደ እንቅልፍ ተጭኖኝ፣ ያ ዘፈኔ ከሩቅ ተሰማኝ። ሕልም መሰለኝ። ማሽላው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጠኛል። ድምፁን ተከትዬ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ሞንታርቦ ሰቅለው የወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ዘፈኑን ይወዱታል?» አልኳቸው።

«እኔስ ወላሂ ጆሮዬን አሞኛል። ግሪሳ ወፉ ግን ሌላ ዘፈን ስከፍትለት አርፎ ማሽላዬን ይበላል፤ ይሄን ሲሰማ አገር ጥሎ ይጠፋል።»

«ዘፋኙ እኮ እኔ ነኝ።»

ትክ ብለው አዩኝና ከማማው ወረዱ። ሊስሙኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

«አልሐምዱሊላህ! በል ውጣ ልጄ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው።»