ወደ ሞጣ የተላከ ሙሾ

የቢቸናዋ እማማ አየሁሽ የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ግጥማቸው ግን ከለቅሶው ጋር ያበቃል፤ የአንዱን ሟች ሙሾ ለሌላው መድገም ነውር ነውና። ፊደል የቆጠሩት ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው።

ሞጣ ያለችው እህታቸው ስታርፍ ጉልበታቸው ታሞ መሄድ አቃታቸው። እህታቸው ያለ ሙሾ እንዳትቀር ሰግተው በእርሳስ ጻፉና በሚኒባስ ላኩላት፦

የሞጣ መንገዱ ምንኛ ረዘመ፣
እህቴን ሳልሸኛት ጉልበቴ ደከመ።

በማግስቱ የእህታቸው ልጅ ሄለን ደወለች።

«እትዬ፣ ሳነበው ለቀስተኛው ሁሉ በእንባ ታጠበ!»

«እኔ ሳልኖር?»

«ሳይኖሩ!»

«ታዲያ አሁን አለቀ?»

«ኧረ ይኸው እጄ ላይ ነው። ላንብብልዎት?»

እማማ አየሁሽ ወንጌል እንደሚነበብ ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ።

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።