ፒካፑ ተሸጦ ቁልፉ ቀረ

ከመተማ በወጣሁበት ዋዜማ፣ አመሻሹ ላይ፣ ግቢያችን ጎዶሎ ሆኖ ነበር። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ሁልጊዜ ቆሞ የምናውቀው የአባቴ ፒካፕ የለም፤ በቦታው ሣር ያልበቀለበት፣ ዘይት የጠጣ ጥቁር መሬት ብቻ ቀርቷል። መቀመጫው ላይ ማደር የለመዱት ዶሮዎች ባዶውን ቦታ እየዞሩ ይንጫጫሉ። እናቴና እኔ ወደዚያ ላለማየት ፊታችንን ወደ አጥሩ አዙረን ተቀምጠናል።

አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ በሰው አገር ያላችሁም፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። መምህር ነኝና ከመካከል መጀመር አይሆንልኝም።

አባቴ በሕይወት ሳለ በዚያ ፒካፕ ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡትን ሠራተኞች እርሻ ድረስ ያመላልስ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ሞተሩ ነከሰ፤ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ አልዞር አለ። ጎማዎቹም ተኙ። እናቴ ግን አቧራውን መጥረጓን አልተወችም። በቀትር የበሩ እጀታ እንደ ፍም ስለሚግል በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነበር የምትከፍተው።

ፊዚክስ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ደመወዙም አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲቀር ቆየ። ድሮ ሥራ ስናጣ ወደ ሱዳን እንሻገር ነበር፤ አሁን የሱዳን ሰው ራሱ ጦርነት ሸሽቶ ወደ እኛ ይመጣል። ካምፓላ ያለ የኮሌጅ ጓደኛዬ “ና” አለኝ። ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ከቆመ መኪና ብቻ ነበር።

ገዢው አቶ ይርዳው የሚባሉ የአብርሃ ጅራ ከተማ ሰው ናቸው። አሮጌ መኪና እየገዙ ሻንሲውን፣ ማለትም የሥሩን የብረት አጽም፣ የትራክተር ተጎታች ያደርጉታል። እኔ መኪናውን አጥቤ፣ ሊብሬውን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ የትኛው ዕቃ ደህና የትኛው ብልሽት እንዳለበት በቅደም ተከተል ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። አላስጨረሱኝም። ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና፣ “መምህር፣ አትድከም። ሊብሬው በሟች ስም ነው፣ ሞተሩም ሟች ነው። እኔ የምገዛው መኪና አይደለም፣ ብረት ነው” አሉኝ። ካሰብኩት በብዙ ያነሰ ዋጋ ሰጡኝ። ለመንገድ ስለሚበቃ ተስማማሁ፤ እዚያው ቆመን እጅ በእጅ ከፈሉኝ።

በማግስቱ ትራክተር ይዘው መጡ። ሊጎትቱት ሲሉ መሪው ተቆልፏል፤ ያለ ቁልፍ ጎማው ወደየትም አይዞርም። ቁልፉን ጠየቁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ነበር።

“ብረት ነው የገዙት” አለቻቸው። “ብረት ደግሞ ቁልፍ የለውም።”

“እትዬ፣ ቁልፍ ምን ያደርግልዎታል?”

“እርስዎ በሬ ሸጠው አያውቁም? ገመዱን ለገዢው ይሰጣሉ?”

ለማታውቁት ላስረዳ። እኛ ዘንድ በሬ የሸጠ ገበሬ ገመዱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይመልሳል፤ ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ገመዱ ከወጣ የከብቱ ዕድል አብሮ ይወጣል ይባላል። አቶ ይርዳው ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳቁ፤ ክርክሩንም ተዉት። በሱዳኖች ቃል “ሙሽኪላ የለም”፣ ችግር የለም ብለው የፊቱን ጎማዎች በሰንሰለት ከትራክተሩ ኋላ አንጠለጠሏቸውና በኋላ እግሩ ብቻ እየጎተቱ ወሰዱት። አንገቱን ቀና አድርጎ የሚነዳ በሬ ይመስል ነበር። እናቴ ከበሩ አልፋ አልተከተለችውም።

ንጋት ላይ ወደ ጎንደር መኪና ልሳፈር ስል ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። “ገመድ ከቤት አይወጣም። ይቺን ላንተ ብዬ አወጣሁ። የቤት ዕቃ ናት፤ መልሰህ ታመጣታለህ።”

በሞያሌ፣ በናይሮቢ አድርጌ ካምፓላ ገባሁ። “ና” ያለኝ ጓደኛዬ የሚኖረው ከእኔ ርቆ፣ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። እዚህ ዝናብ ቀጠሮ የለውም፤ ፀሐይ እያለ ይወርዳል። ያልበሰለ ሙዝ ቀቅለው ማቶኬ ይሉታል። ፖሾ የሚሉት ደግሞ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ግን መሐሉ ላይ ለቅቤና ለበርበሬ ጉድጓድ የለውም፤ መጀመሪያ ቀን የረሱብኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ሰዉ ሰላምታ አያጓድልም። ነገር ግን ሲመሽ እያንዳንዱ የብረት በሩን ይዘጋል። መተማ በበጋ ሙቀቱ አስገድዶን ሁላችንም አልጋችንን አውጥተን ደጅ ስለምንተኛ የጎረቤት ሳል እንኳ ማን እንደሆነ ይታወቃል። እዚህ ግድግዳው ማዶ የሚኖረውን ሰው መልኩን አላውቀውም። ቀን ቀን የነጋዴዎችን ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ከዚያ ወደ ክፍሌ ገብቼ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እሰማለሁ።

ቁልፉን ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። አከራዬ ማማ ሮዝ ኪራይ ልትጠይቅ መጥታ አየችው።

“መኪና አለህ እንዴ?”

“የለኝም። ቁልፉ ብቻ ነው።”

“የት ነው የምታቆመው? ማቆሚያ ለብቻው ይከፈላል።”

እንደ ልማዴ ከበሬው ጀምሬ እስከ ገመዱ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ “እንግዲያው በሬም አለህ” አለች።

“በሬም የለኝም።”

“በሬና መኪና እያለህ የእኔን ኪራይ ታዘገያለህ” ብላ ወጣች። ብቻዬን ሳቅኩ። ወዲያው ይህን በቋንቋዬ የምነግረው ሰው አጠገቤ እንደሌለ ትዝ አለኝና ሳቄን አቆምኩ።

እናቴ ስልክ ሲገኝ፣ መቼ ትመጣለህ ብላኝ አታውቅም። ሁልጊዜ ከመዝጋቷ በፊት የምትጠይቀኝ፣ “ቁልፏ አለች?” ብላ ነው። “አለች” እላለሁ። “ዝገት እንዳይበላት ዘይት ቀባት” ትለኛለች።

ባለፈው እሑድ ኔትወርኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተገኘ። ስለ ሰሊጡ አወራችኝ፤ ዶሮዎቹ አሁን ዛፉ ላይ እንደሚያድሩ ነገረችኝ። ከዚያ “በል ደህና ሁን” ብላ ዘጋች። ስልኩን ይዤ ቆየሁና መልሼ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ቁልፏን ሳትጠይቂኝ ዘጋሽው።”

“በየጊዜው እየጠየቅሁ እንዳላስጨንቅህ ብዬ ነው፣ ልጄ።”

“ጠይቂኝ።”

“አለች?”

“አለች።”

“እጅህ ላይ ናት?”

ከግድግዳው አውርጄ ያዝኳት። “እጄ ላይ ናት” አልኩ፤ መስመሩ ግን ተቋርጦ ነበር፤ ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም። ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። ዝናቡ ጀመረ። ብረቷ ቀዝቃዛ ነበረች፤ መዳፌ ውስጥ ሞቅ እስክትል ድረስ ይዣት ተቀመጥኩ።