በጣት የታሰረ ዳዶ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ሁለት እህትማማቾች አባታቸው በሞተ ዕለት በእኔ ጥፋት ሊሞቱ ለጥቂት ተረፉ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ዕቃ ካልፈታታሁ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። መኪናዬ ትንሽ ናት፣ ጉልበቷ ግን ለጉድ ነው። ችግሯ ዝቅ ማለቷ ነው፤ የሰፈራችን ኮረኮንች ሆዷን እየፋቀ አንጀቴን አሳረረው። ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር "ነገ ና" መባሉ ስለሰለቸኝ፣ ከፍ የሚያደርጓትን ሞላዎችና ሾክ አብዞርበሮች ገዝቼ፣ ዩቲዩብ ከፍቼ፣ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልገጥም ተነሳሁ። ሚስቴ "አንተ ደግሞ ያልሆንከው የለም" ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ የፊት ግራውን ጨረስኩ። እሁድ ጠዋት የቀኙን ጎማ ፈትቼ አዲሱን ዕቃ ገጠምኩና ሾክ አብዞርበሩን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ብሎኖች አስገብቼ፣ ዳዶዎቻቸውን በጣቴ አዞርኩ። በቁልፍ ላጠብቃቸው ስል የዕድር ጡሩምባ ተነፋ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ አርፈዋል። ድንኳን ሲተከል መቅረት ነውር ነውና እጄን እንኳ ሳልታጠብ ሮጥኩ።

ካስማ እየመታሁ ሳለ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ ጠሩኝ። የሟች ሁለት ሴት ልጆች አዲሱ ገበያ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም።

"አባታችሁን ትንሽ አሞታል ብለን እናመጣቸዋለን። መኪናህን አስነሳ" አሉኝ።

ቤት ሮጬ ጎማውን መለስኩ። የጎማውን ዳዶዎች ቁልፉ ላይ ቆሜ ነው ያጠበቅኳቸው። በጣቴ ያዞርኳቸውን ሁለቱን ግን ጭራሽ ረሳኋቸው።

ገና ስንሄድ ከቀኝ በኩል ቋ፣ ቋ ይል ጀመር።

"ምንድን ነው የሚንኳኳው?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው፤ እስኪላመድ ነው። አይስጉ" አልኳቸው። ራሴም አምኜው ነበር።

ልጆቹን ይዘን ስንመለስ ድምፁ በረታ። ትልቋ፣ ለሊሴ፣ በመስታወቱ ዓይኔን ትፈልጋለች።

"አባቢ ለምን ስልክ አያነሳም?"

"ተኝቶ ይሆናል" አሏት ጋሽ ደምሴ። ትንሿ ሲፈን የእህቷን እጅ ያዘች። ሌላ ጥያቄ እንዳይመጣ ፈርቼ ነዳጁን ረገጥኩ።

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ስንወርድ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትተኝ ጀመር። ገደሉም በዚያው በኩል ነው። ከኋላዬ አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን እያስጮኸ መብራት ያበራብኛል። ሊቀድመኝ ነው ብዬ በእልህ ፍጥነት ጨመርኩ። እንደምንም ጎኔ ደርሶ ሾፌሩ ወደ ቀኙ መስኮት አዘንብሎ ጮኸ።

"ዻቢ! ቁም! ጎማህ!"

ቆምኩ። የቀኙ ጎማ ላዩ ወደ ውስጥ ተጋድሟል። ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ የለም። ሾፌሩ ወርዶ ጎንበስ ብሎ የሌላውን ዳዶ በሁለት ጣቱ ፈታው፤ ለመፈታት ሩብ ዙር ነበር የቀረው።

"ይሄን ማን ነው ያሰረው?"

"የሰይጣን ሥራ ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ። እኔ የወደቀውን ብሎን የምፈልግ መስዬ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ሰውየው ከመሣሪያ ሳጥኑ የሚመጥን ብሎን ፈልጎ ሁለቱንም ጥርሱን ነክሶ አጠበቃቸው። ለሊሴ ወርዳ "በናታችሁ ቶሎ በሉ፣ አባቢ እየጠበቀን ነው" ስትል ቀና ብሎ ጋሽ ደምሴን አያቸው። ነገሩ ገባው።

"ቀስ ብለህ ንዳ። ከኋላህ ነኝ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አራቱንም ፍሬቻ እያበራ እስከ ሰፈራችን ተከተለን። ድንኳኑ ሲታይ ልጆቹ የጮኹትን ጩኸት አልረሳውም። ዞር ስል የጭነት መኪናው ሄዷል፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬን ራሴ ፈትቼ ገጥሜ አላውቅም። የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። እናታቸው አዴ ጫልቱ ባገኙኝ ቁጥር "ልጆቼን በዚያ ቀን ያደረስክልኝ" እያሉ ይስሙኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሲፈን ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል ቤቴ ድረስ መጡ።

"መናኸሪያ አንተ አድርስልኝ። ከአንተ መኪና ሌላ አላምንም" አሉኝ።

አሁንስ እውነቱን ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀምረው ነበር። አሜን አልኩ።