ድምፅ የሌለው የሙረባዕ ኮንሰርት

ሆስፒታላችን ውስጥ የማቲዎስን እጅ የማያደንቅ የለም። የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ነው፤ ሌላው ተስፋ የቆረጠበት ማሽን እሱ ሲነካው ይነሣል። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የኔንም ማሽን ስንት ጊዜ ነፍስ ዘርቶበታል። አፌን ሞልቼ የምመሰክርለት ግን ስለ ማሽን አይደለም፤ ስለ ጊታሩ ነው። አምባሰልን ይዞ ይነሣና ጃዝ ውስጥ ያስገባዋል፤ ያዞረዋል፣ ያጦዘዋል፣ አሁንስ ጠፋ ስትሉ አምባሰል ደጃፍ ላይ መልሶ ያቆማችኋል። ባሌ ዘገየ ቤዝ ጊታር ይመታለታል። ማቲዎስን ካገኘ ወዲህ አርብ አርብ ባል የለኝም ነበር። ቀንቼ አላውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

በፈረንጆቹ 2015 ማቲዎስ ውሉ አለቀና ኸሩጅ ተመታለት፤ ላይመለስ ከሳዑዲ መውጫው ደረሰ ማለት ነው። ከበሮ መቺያቸውም ወደ ደማም ከተማ ሊዛወር ነበር። ለዓመታት አብረው የተጫወቱት ሁሉ አንዱም ሳይቀዳ በአየር ላይ ሊበተን ሆነ። ማቲዎስ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ሰው ፊት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ የተቀዳ አልበም። ዘገየ ቁራጭ በቁራጭ ቀድተን እንቀጥለው ቢለው አሻፈረኝ አለ። የተቀጣጠለ ኮንሰርት ኮንሰርት አይባልም፣ መሐል ላይ ከተቋረጠ ይጣላል፣ ብሎ ደመደመ። ድርቅ ሲል አይጣል ነው።

ሪያድ ደግሞ ያኔ የኮንሰርት አገር አልነበረችም፤ ሙዚቃ በአደባባይ ክልክል ነበር። ሙረባዕ ሰፈር ያለው ቤታችን አሮጌ ነው፤ ከላይ አከራያችን አቡ ሱልጣን ይኖራሉ፣ ከመስጊድ የማይቀሩ ሽማግሌ። ማቲዎስ መላ ዘየደ። መሣሪያዎቹ ሁሉ፣ ከጎማ የተሠራው የኤሌክትሪክ ከበሮ ሳይቀር፣ በሽቦ ድምፅ ማቀላቀያው ሚክሰር ውስጥ ይገባሉ፤ ድምፁ የሚወጣው በእንግዶቹ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። ማዳመጫ ላላደረገ ሰው የሚሰማው የክር ትክ ትክታ ነው። ጭብጨባ ተከለከለ፤ የወደደ እጁን ያውለብልብ ተባለ። ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ ሆኖ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ከሚሰማው የመግሪብ አዛን በፊት እንዲያልቅ ተወሰነ፤ ከእንግዶቻችን ገሚሱ ሙስሊሞች ናቸው፣ በአዛን ላይ የሚጫወትም የለም።

እኔ በር ጠባቂ ሆንኩ። ያለ ማዳመጫ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ፣ ድምፅ አምልጦ እንደሆነ እንዳዳምጥ። ዘገየ የታዳሚውን ድምፅ የሚይዘውን ማይክ ከራሴ በላይ ኮት መስቀያው ላይ አሰረው። ቤቱ የኔ፣ ምግቡን የሠራሁት እኔ፣ ሙዚቃው የሌላ ሰው።

ያላሰብነው ነገር ቢኖር፣ ጆሮው የተደፈነ ሰው የራሱ ጩኸት አይታወቀውም። ራቢያ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ ያን ቀን አሠሪዋን፣ መዳሟን፣ አስፈቅዳ መጥታለች። አምባሰሉ መጀመሩን ያወቅኩት በእሷ ትከሻ ነው። ወዲያው እልል አለች። በለሆሳስ ያለች መስሏት ቤቱን አናጋችው። ጎኗ ያሉትም ተቀበሏት። ዝም በሉ ብዬ እጄን ባወናጭፍ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል።

በሩ ተንኳኳ።

ዞር ብዬ ማቲዎስን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ይጫወታል። ምንም አልሰማ፣ የታደለ ሰው፣ አልኩ በልቤ። በሩን ገርበብ ሳደርገው አቡ ሱልጣን ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ አንድ ካርቶን ተምር።

«መብሩክ» አሉኝ። «ሙሽራይቱ የማን ልጅ ናት?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አዎ ሠርግ ነው ልል ምንም አልቀረኝም። ግን ሰውዬው ደስታችንን ሰምተው ተምር ይዘው የመጡ ናቸው። ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ፤ በተሰባበረ ዐረብኛዬ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ዐሚ፣ ሠርግ አይደለም። ወንድማችን ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው፤ ጊታር እየተጫወተ እየቀዳን ነው። ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም። አሁን ካቋረጠ ግን ሁለተኛ አያገኘውም። እባክዎ፣ ትንሽ ብቻ።»

ዝም አሉ። በትከሻዬ አሻግረው፣ ጆሮውን ደፍኖ በጸጥታ የሚወዛወዘውን ሰው ሁሉ አዩ። አብደዋል ሳይሉን አይቀሩም። ከዚያ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«ለመግሪብ ገና ነው፤ ይጨርስ» አሉ። «እልልታውን ግን ቀንሱት። የፊት ለፊቱ ጎረቤት እንደኔ አይደለም።»

ተምሩን አስታቅፈውኝ ደረጃውን ወጡ። ማቲዎስም አዛን ሳይል ጨረሰ። የሆነውን ለሁሉም ሳወራ ሳቁ፤ ራቢያ በኀፍረት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ማቲዎስ ግን አንድ ተምር አንሥቶ ሽቦዎቹን መጠቅለል ጀመረ። እንዲያ ለምኜ ላቆየሁለት ሰው አንድ ምስጋና እንኳ ቢነፍገኝ ቅር አለኝ፤ በዚያው ሳምንት ሸኘነው።

ቅጂውን ዘገየ ሲያስተካክል ከረመ። የበሩን ወሬ ቆርጦ ሊጥለው ፈልጎ ስልክ ቢደውል፣ ማቲዎስ እንዳትነካው አለ። ግራ ቢገባኝ ማዳመጫውን አድርጌ ኩሽና ውስጥ ቁጭ አልኩ።

አምባሰሉ መጣ፤ የራቢያ እልልታ ተከተለ። በሩ ሲንኳኳ ጊታሩ ተደናቀፈ። ድምፄ ሲጀምር ጊታሩ ዝቅ ብሎ ቀጠነ፣ ግን አላቆመም። ዘገየን ጠርቼ ይህ ሰው ሰምቶ ነበር እንዴ አልኩት።

«ሁሉንም ነዋ» አለኝ። «ሰው ሳልሰማ አልጫወትም ብሎ፣ ያንቺን ማይክ ወደ እሱ ጆሮ ብቻ አስገብተንለት ነበር።»

ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሰማሁት። እባክዎ ስል አንዲት ክር ብቻ እየነካ ከሥሬ ይጠብቃል። ሽማግሌው ዝም ሲሉ እሱም ያችኑ ድምፅ ይዞ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይቆያል። «ይጨርስ» ካሉ በኋላ የተጫወተውን ግን እስከ ዛሬ ሳላለቅስ ሰምቼ ጨርሼው አላውቅም።