የመስቀል ወፍ ከመሪ

«የመስቀል ወፍ መጣ!» አለችኝ አክስቴ ዛሬ ጠዋት፣ ገና ደጃፏን ሳልረግጥ።

ቤቷ ለገዳዲ ግድብ አጠገብ ነው። «ዳክዬዎቹ እንኳ በየጸደዩ ከአውሮፓ ይመጣሉ፤ አንተ እዚሁ ከመሪ ሰፈር መምጣት አቃተህ?»

እነሱ የመንገዱን የመኪና ሰልፍ በላዩ በረው ነው የሚያልፉት ልላት አሰብኩና ደክሞኝ ተውኩት።

ክንዷን ይዤ ወደ ውሃው ወረድን። «ዘንድሮ ዓይኔ ጨርሶ ጠፋ፤ እስቲ ዳክዬዎቹ ምን እንደሚመስሉ አንተ ንገረኝ» አለች። ዓይኗ መጥፋቱን አላውቅም ነበር፤ ለካ ጠዋት በኮቴዬ ነው የለየችኝ።

መገናኛ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ቀለም መናገር እንጀራዬ ነው። «ራሱ አረንጓዴ ሳቲን፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ የሸክላ ቀለም።»

«ልትሸጥልኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ቀጥል።»

ድምፄ እስኪዝል ቀጠልኩ። ዳክዬዎቹ ሲነሱ ግን መናገር አላስፈለገኝም፤ ፊቷን ከክንፋቸው ድምፅ ጋር አዞረች።

እናንተስ ለማን ዓይን ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ምን አሳያችሁት?